የአሜሪካን የጎቲክና የልብ ሰቀላ አጫጭር ልቦለዶች እንዴት እናጥና? ደረጃ በደረጃ

«አንብቤዋለሁ፣ ግን ምኑም አልገባኝም።» ስለ ኤድጋር አለን ፖ ወይም ስለ ዊሊያም ፎክነር የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ወሬ የሚጀምሩት በዚህ ነው። አንዳንዱ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ነው። አንዳንዷ አሜሪካ ያለች እናት ናት፤ ልጇ ሃይስኩል ገብቶ «የቤት ሥራ አግዢኝ» ብሏት ጨንቋታል።

ችግሩ እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያንበለብሉትም ይወድቃሉ። እነዚህ የጎቲክ፣ ማለትም ፍርሃት፣ ሞትና ምስጢር ያጠላባቸው ታሪኮች የሚሠሩት ከመጨረሻቸው ተነስቶ ነው። ፖ ራሱ በ1846 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ደራሲ ብዕር ከማንሳቱ በፊት የታሪኩን ፍጻሜ አብስሎ መጨረስ አለበት ብሏል። እኛ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ እንሮጥና፣ ፍጻሜው ሲያስደነግጠን «ወይ ጉድ!» ብለን እንዘጋዋለን። ሥራው ግን ገና እዚያ ጋ መጀመሩ ነበር።

መመሪያው አራት ታሪኮችን ይዞ ይሄዳል። ፍጻሜያቸውን ስለማወጣ መጀመሪያ ታሪኩን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ደረጃው ተመለሱ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጅት

ታሪኮቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያዙ

1. «ዘ ቴል ቴል ሀርት» (አሳባቂው ልብ)፣ ፖ፣ 1843
2. «ዘ ሎተሪ»፣ ሸርሊ ጃክሰን፣ 1948
3. «ዘ ካስክ ኦፍ አሞንቲላዶ» (የአሞንቲላዶው በርሜል)፣ ፖ፣ 1846
4. «ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» (ጽጌረዳ ለኤሚሊ)፣ ፎክነር፣ 1930

የደረደርኳቸው በዓመት ሳይሆን በክብደት ነው። በፖ «ዘ ፎል ኦፍ ዘ ሀውስ ኦፍ አሸር» እንዳትጀምሩ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አንድ አንቀጽ ታክላለች። በሷ ጀምሮ «እንግሊዝኛዬ አይረባም» ብሎ የተወ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ትክክለኛውን ጽሑፍ አግኙ

ለተማሪ ተብሎ የቀለለውን እትም አትጠቀሙ። የሚያቀልሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚቆርጡት ትርፍ የሚመስለውን ነው፤ ፍንጩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ለማረጋገጥ፦ «ዘ ቴል ቴል ሀርት» የሚጀምረው «እውነት!» በምትል አንዲት ቃል ነው። የያዛችሁት በሌላ ቃል ከጀመረ ተነካክቷል ማለት ነው። «ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» ደግሞ በቁጥር የተለዩ አምስት ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል። የፖን ሥራዎች ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለ ድረ ገጽ ላይ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ታገኛላችሁ።

ከቻላችሁ ፕሪንት አድርጉት። ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ማጥናት ግን ይከብዳል። ወደ ኋላና ወደ ፊት ብዙ ጊዜ ትገልጣላችሁ።

ዕቃ

እርሳስ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ደብተር፣ ደርዘን ያህል ቁርጥራጭ ወረቀት። በቃ።

ደረጃ 1፦ በአንድ መቀመጫ አንብቡ፣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ

ፖ አጭር ልቦለድ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሳይቋረጥ መነበብ አለበት ባይ ነበር። ስሙት። ልብ ሰቀላ ሲቋረጥ ይበርዳል። ማታ ግማሹን፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ግማሹን ካነበባችሁ ታሪኩ አይሠራም።

የማታውቁት ቃል ሲመጣ በእርሳስ ከሥሩ አስምራችሁ እለፉ። አትቁሙ።

*ካልሄደላችሁ፦* ሁለተኛው ገጽ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ ከጠፋችሁ ሊብሪቮክስ በተባለ የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የሚነበበውን ድምፅ ክፈቱና ጽሑፉን በዓይናችሁ ተከተሉ። «ዘ ቴል ቴል ሀርት» ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የተራኪው ጥድፊያና መርበትበት በጆሮ ሲገባ ግማሹ ነገር ይፈታል።

ደረጃ 2፦ ወዲያው ሦስት መስመር ጻፉ

ማጠቃለያ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት፣ በአማርኛ ጻፉ፦

- መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?
- የቱ ቦታ ላይ ደነገጥኩ ወይም ተጠራጠርኩ?
- ያልገባኝ አንድ ነገር ምንድን ነው?

ሦስተኛዋ መስመር ወርቅ ናት። የሰው ማጠቃለያ አንዴ ካነበባችሁ ግን ጥያቄያችሁ ይጠፋና የሰውየውን መልስ ትይዛላችሁ። ፈተና ላይ መምህሩ በአንድ ዓይነት ቃል የተጻፈ ሰላሳ ወረቀት የሚያርመው በዚህ የተነሳ ነው።

ደረጃ 3፦ አሥር ቃል ብቻ ፍቱ

ካሰመራችሁባቸው ውስጥ አሥር ምረጡ። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጣ ቃል ይቅደም። ቀጥሎ የዕቃ፣ የአካልና የቦታ ስም። የተቀረው ይቆይ።

*ተጠንቀቁ፦* አደገኛው የማታውቁት ቃል ሳይሆን የምታውቁት የሚመስላችሁ ነው። «ዘ ካስክ» ውስጥ «ፓይፕ» የሚል አለ። ቧንቧ አይደለም፤ የሚጨስም አይደለም። ትልቅ የወይን በርሜል ነው። አሞንቲላዶም የስፔን ወይን ዓይነት ነው፤ የሰው ስም የመሰለው ሰው አጋጥሞኛል። «ሎተሪ» ደግሞ ለኛ ትኬት አዟሪ፣ ዕጣና ሚሊዮን ብር ነው። ጃክሰን የምትጫወተው በዚሁ ግምት ነው። ሎተሪ ሲባል ሽልማት ትጠብቃላችሁ፤ ጠብቁ። የደረሳት ሴት ግን በድንጋይ ትወገራለች።

ደረጃ 4፦ ተራኪውን እንደ ምስክር መርምሩ

«ዘ ቴል ቴል ሀርት»ን ለሁለተኛ ጊዜ ክፈቱ። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ ተራኪው ስለ ራሱ *የሚለውን*፣ በቀኝ *የሚያደርገውን* ጻፉ።

ግራ፦ እብድ አይደለሁም። ቀኝ፦ ሰባት ሌሊት ሙሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ የተኛ ሽማግሌ በር ከፍቶ ጭንቅላቱን ብቻ ለማስገባት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

ግራ፦ ሽማግሌውን እወደው ነበር። ቀኝ፦ በአንድ ዓይኑ ምክንያት ይገድለዋል።

ግራ፦ ጥንቁቅ ነኝ። ቀኝ፦ ፖሊሶች ሲመጡ የራሱን ወንበር አምጥቶ ሬሳው ከተቀበረበት ወለል በላይ ያኖራል።

አምስት ጥንድ እስክታገኙ አትቁሙ። ሲሞላ ታሪኩ ስለ ግድያ መሆኑ ይቀርና ጤነኛ መሆኑን ሊያስረዳ ሲሞክር ራሱን ስለሚያሳጣ ሰው ይሆናል።

*የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦* «ፖ እብድ ነበር» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ተራኪው ፖ አይደለም። «ደራሲው» ለማለት እጃችሁ ሲሄድ ቆም በሉና «ተራኪው» በሉ። ሌላም አለ። ታሪኩ የተራኪውን ስም አይነግረንም፤ ወንድ ይሁን ሴት በግልጽ አልተባለም። አማርኛ ግን «አለ» ወይ «አለች» ብለን እንድንመርጥ ያስገድደናል። እኔም ከላይ «ይገድለዋል» ብዬ መርጫለሁ። ምርጫው የኔ እንጂ የታሪኩ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ንግሮቹን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ልቀሙ

ንግር ማለት ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ ነው። አሁን «ዘ ሎተሪ»። ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። የመጨረሻውን ገጽ አንብቡና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ *ድንጋይ*።

ሩቅ አትሄዱም። ገና መግቢያው ላይ ልጆች ድንጋይ በኪሳቸው ይሞላሉ፣ አደባባዩ ጥግ ላይ ይከምራሉ። ትላልቆቹ ሲመጡ ከክምሩ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ቀልዳቸው ዝግ ያለ ነው፤ ፈገግ ይላሉ እንጂ አይስቁም። በመጀመሪያው ንባብ ይህን ሁሉ አይተን አልፈነዋል። ፀሐይ ወጥታለች፣ አበባው ፈክቷል፣ ልጆች ይጫወታሉ፤ ማን ይጠረጥራል?

እያንዳንዱን ምልክት በቀይ አክብቡና ዳር ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ መጀመሪያ ምን መሰለኝ? አሁን ምን ሆነ? ልብ ሰቀላ የሚሠራው በነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ፈተና ላይ «ንግር» ሲጠየቅ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

*ምንም ካላገኛችሁ፦* ብዙ ነገር በአንዴ እየፈለጋችሁ ነው። ፍጻሜው ላይ ያለ አንድ ዕቃ ብቻ ያዙ። «ዘ ካስክ» ላይ ድንጋይና የግንበኛ ማንኪያ፣ ኤሚሊ ላይ አቧራና ፀጉር ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ንግግሩን እንደ ሰምና ወርቅ ፍቱ

እዚህ ጋ እኛ ከሌላው አንባቢ እንቀድማለን። ቅኔ ባትቀኙም እንኳ ሰምና ወርቅ፣ ኅብረ ቃል፣ ውስጠ ወይራ ምን እንደሆነ ከትምህርት ቤት ታውቃላችሁ። «ዘ ካስክ ኦፍ አሞንቲላዶ» ለዚህ የተጻፈ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞንትሬሶር በፎርቱናቶ ቂም ይዟል። በካርኒቫል ምሽት «ወይን ቅመስልኝ» ብሎ አስክሮ ከመሬት በታች ወዳለ መቃብር ይወስደዋል። እዚያ ግድግዳ ውስጥ በሕይወቱ ይገነባበታል። በመንገዳቸው ላይ የሚለዋወጡትን እያንዳንዱን ንግግር አውጥታችሁ ሁለት መስመር ጻፉለት።

ፎርቱናቶ ያስለዋል። «ሳል አይገድለኝም» ይላል። ሞንትሬሶር «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይለዋል።
ሰም፦ አይዞህ፣ ቀላል ነው።
ወርቅ፦ ልክ ነህ። የምገድልህ እኔ ነኝ።

ፎርቱናቶ በዙሪያቸው ላረፉት ሙታን ብሎ ይጠጣል። ሞንትሬሶር «እኔ ደግሞ ለረጅም ዕድሜህ» ይላል።
ሰም፦ ምርቃት።
ወርቅ፦ ይህን በራሳችሁ ፍቱት፤ ለኔ ምርቃት ሳይሆን ሹፈት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ሜሰን» የምትለዋ ቃል ናት። ሙሉ በሙሉ ኅብረ ቃል ናት። ፎርቱናቶ የፍሪሜሰን ማኅበር አባል መሆኑን በእጁ ምልክት ያሳይና «አንተስ ሜሰን ነህ?» ይላል። ሞንትሬሶር «አዎ» ብሎ ከካባው ሥር የግንበኛ ማንኪያ ያወጣል። ሰሙ የማኅበር አባል፣ ወርቁ ግንበኛ። ፎርቱናቶ «ትቀልዳለህ» ብሎ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። በዚያችው ማንኪያ አሥራ አንድ ረድፍ ድንጋይ ተደርድሮ ይዘጋበታል። ስሙ ራሱ «ዕድለኛ» ማለት ነው፤ ምፀቱን አስቡት።

አንተ ነው ወይስ እርስዎ?

አንድ ሌላ ዘዴ ልጨምር። መምህር አላስተማረኝም፤ ለታናሽ እህቴ በአማርኛ ሳስረዳ ነው የተገለጠልኝ። እንግሊዝኛ ሁሉንም «ዩ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ ገጽ ንግግር ምረጡና በአማርኛ አስቀምጡት። «አንተ» ትላላችሁ ወይስ «እርስዎ»? ለመምረጥ ስትሞክሩ በሁለቱ መካከል ያለው የሥልጣን ሚዛን ይወጣል።

ሞንትሬሶር ፎርቱናቶን «ወዳጄ» እያለ ያሞካሸዋል፤ ሀብታም ነህ፣ የተከበርክ ነህ ይለዋል። «እርስዎ» ካላችሁት የሎሌ ሽንገላ ይሆናል። «አንተ» ካላችሁት የጓደኛ ክህደት። የመረጣችሁት ሁሉ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ያን ማስረጃ ስትፈልጉ ታሪኩን እያጠናችሁ ነው።

ኤሚሊ መርዝ ልትገዛ ስትገባ ያለውን ትዕይንትም ሞክሩት። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሕጉ ለምን እንደምትገዛው እንድትናገር ያስገድዳል ይላታል። መልስ አትሰጠውም። ቀና ብላ ትኩር ብላ ታየዋለች፣ እስኪሸሽ ድረስ። ገብቶ አርሴኒኩን ይጠቀልላል፤ የሚያመጣላት ግን ተላላኪው ልጅ እንጂ እሱ ተመልሶ አይወጣም። እኔ ስተረጉመው እሱ «እርስዎ»፣ እሷ «አንተ» ሆኑ። ሌላ ሊሆን አልቻለም።

ደረጃ 7፦ የተምታታውን ጊዜ በወረቀት ደርድሩ

«ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» ብዙ ሰው የሚወድቅበት ታሪክ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ «ኤሚሊ አርሴኒክ ጠጥታ ሞተች» ብዬ ጻፍኩ። የመርዙ ፓኬት ላይ «ለአይጥ» ተብሎ ተጽፏል፣ የታሪኩ መክፈቻ ደግሞ የኤሚሊ ቀብር ነው። በቃ፣ ሁለቱን አገናኘኋቸው። መርዙ ከተገዛ በኋላ ግን ኤሚሊ አርጅታ፣ ሰባ አራት ዓመት ሞልቷት ነው የሞተችው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. እያንዳንዱን ክስተት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፉ፦ የአባት ሞት፣ የኤሚሊ ወዳጅ ሆመር ባሮን ወደ ከተማ መምጣቱ፣ አርሴኒኩ፣ ሆመር ማታ በማድ ቤት በር ሲገባ መታየቱ፣ ሽታው፣ የሸክላ ሥዕል ትምህርቱ፣ የግብር ጭቅጭቁ፣ የኤሚሊ ሞት፣ የተዘጋው ክፍል መከፈቱ።
2. መጀመሪያ ታሪኩ በሚናገርበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው። ስልካችሁን አንሱና ፎቶ አንሱት።
3. ከዚያ በትክክል በተከሰቱበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ከላይ የጻፍኩላችሁ ይህኛው ነው።
4. ሁለቱን አወዳድሩ። የትኛው ወረቀት ብዙ ቦታ ዘለለ?

ሽታውና ግብሩ ናቸው። ታሪኩ ሽታውን የሚነግረን በሁለተኛው ክፍል ነው፣ ሆመር ማን እንደሆነ በቅጡ ሳናውቅ። አርሴኒኩ ከሽታው በኋላ በሦስተኛው ክፍል ይመጣል። በሕይወት ግን አርሴኒኩ ቀድሟል። ፎክነር መንስኤውንና ውጤቱን አገላብጦ ሰጠን። በትክክሉ ቢናገረው ኖሮ የትኛውም አንባቢ ኤሚሊ ሆመርን በመርዝ እንደገደለችው ገና ሽታው ሲነሳ ያውቅ ነበር።

*ወረቀቶቹ ከተጣሉባችሁ፦* ሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ሽታው የመጣው አባቷ በሞተ በሁለት ዓመቱ፣ ወዳጇ ትቷት ከሄደ ጥቂት ቆይቶ እንደሆነ ትናገራለች። እሷን እንደ ችካል ትከሉና ሌላውን በዙሪያዋ ደርድሩ። 1894ን ደግሞ የከተማው ከንቲባ ኮሎኔል ሳርቶሪስ ግብሩን የማረላት ዓመት ብላችሁ ያዙ። ከዚያ ወዲያ ዓመት ለማስላት አትድከሙ፤ ቅደም ተከተሉ ይበቃችኋል።

በዚህ ታሪክ የሚተርከው «እኛ» ነው፣ ከተማው። ሐሜተኛ ሰፈር ነው በአጭሩ። የደረጃ 4ን ሠንጠረዥ ለ«እኛ»ም ሥሩለት፤ ምን ያውቁ ነበር? ምን ላለማወቅ መረጡ? ሽታው ሲመጣ አራት ሰዎች ሌሊት በግቢዋ ኖራ በተኑ እንጂ በር አላንኳኩም። ቤቱ ውስጥ ለዓመታት የኖረውን ጥቁር አገልጋይ ቶብን ማንም አፍ አውጥቶ እንዲናገር አላደረገውም፤ መጨረሻ ላይ በር ከፍቶላቸው በጓሮ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ታሪኩ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የሚወረወር የዘረኝነት ስድብ አለ። የከተማዋን አፍ ያሳያል። ስትጠቅሱ ቃሉን ዝለሉት።

ደረጃ 8፦ አንድ ገጽ ጻፉ

አሁን ብቻ ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አንድ ሰው ሊከራከራችሁ የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር። «ጭብጡ ክፋት ነው» አያከራክርም። «ከተማው የኤሚሊ ተባባሪ ነው» ያከራክራል።
2. ከጽሑፉ ሦስት ማስረጃ። አጫጭር ይሁኑ፣ ከአንድ መስመር አይብለጡ።
3. ከእያንዳንዱ ማስረጃ ሥር «ይህ ለምን እዚህ ቦታ ተቀመጠ?» ለሚለው መልስ።
4. የሚቃወማችሁን አንድ ማስረጃ አምጡና መልሱለት።

*ታሪኩን እየተረካችሁ ከተገኛችሁ፦* በየአንቀጹ የመጀመሪያውን ቃል እዩ። «ከዚያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» ከሆነ ማጠቃለያ እየጻፋችሁ ነው። ሰርዙና አንቀጹን በራሳችሁ ሐሳብ ጀምሩት። ማጠቃለያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ዓረፍተ ነገርም አትራሩለት።

ከአራቱ በኋላ

የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን «ዘ የሎ ዎልፔፐር» (1892) ለደረጃ 4 እና ለ«አንተ ነው እርስዎ» ዘዴ ይመቻል። ሐኪሙ ባል ሚስቱን እንደ ሕፃን ነው የሚያናግራት። መስኮቱ ላይ ያለውን ብረትና ወለሉ ላይ የተቸነከረውን አልጋ ልብ በሉ። እሷ ክፍሉ የልጆች ክፍል የነበረ ይመስላታል፤ እናንተ አትቀበሏት።

የአምብሮዝ ቢርስ «አን ኦከረንስ አት አውል ክሪክ ብሪጅ» (1890) ሦስት ክፍሎች አሉት። እሱን ለየት አድርጋችሁ አንብቡ። የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቁሙ። ድልድዩ ላይ ገመድ አንገቱ የገባው ሰውዬ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምታስቡ በአንድ መስመር ጻፉ፣ ወረቀቱንም አጥፉት። የእጅ ሰዓቱ ድምፅ በጆሮው እንዴት እንደተሰማው አስታውሱ። ከዚያ ስልኩን አርቁና ሦስተኛውን ክፍል ጀምሩ።